መልስ፦ ጄሶና የውሃ ቀለም የነካው ካርድ ለምን ይጣመማል? ማህተሙስ ለምን ይፈስሳል?

እህቴ፣ በእጅሽ የሠራሽው ባለ ፎቶ ካርድ ጄሶ (ከቀለም በፊት የሚቀባው ነጭ የአክሪሊክ መደብ እንጂ የግድግዳው ጄሶ አይደለም) እና የውሃ ቀለም ሲነካው ተጣመመብሽ፣ በማህተም ያተምሽውም ሥዕል ፈሰሰብሽ። ለመጣመሙ የውሃ ቀለሙ ላይ አትፍረጂ። የወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ወረቀቱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የካርድ ወረቀት ይህን አይችልም። ባለ 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ሥሪና ሲያልቅ ቆርጠሽ ካርዱ ላይ ለጥፊው።

ጄሶውን በብሩሽ ሳይሆን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ጎትቺው፤ ከሥሩ የታተመ ወረቀት ካለ፣ ህትመቱ በደብዛዛው እየታየ ከቀረ በቂ ነው። ጀርባውንም አንድ ስስ እጅ ብትቀቢው ጉተታው ይመጣጠናል። መድረቁን በእጅሽ ጀርባ ፈትሺ፦ ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው። በሙቅ አየር ማድረቂያ የምትቸኩዪ ከሆነ ከ15 ሴንቲሜትር አታቅርቢው፣ አንድ ቦታም አታቁሚው፤ ወፍራም እርጥብ አክሪሊክ ድንገት ሲሞቅ አረፋ ያወጣል (አንዳንዱ ሰው አረፋውን ሆን ብሎ ይፈልገዋል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው)።

ማህተሙ የፈሰሰው የማህተሙ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው። ሲደርቅ ውሃ የማይበግረው መሆኑ የተጻፈበትን ተጠቀሚ፤ ጄሶ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጊዜ ስጪው። ከዚያ በኋላ ብቻ የውሃ ቀለሙን ደርቢ።

ፎቶው የመጨረሻ ነው። በፈሳሽ ኮላ ከለጠፍሽው ወረቀቱን እንደገና ታረጥቢዋለሽ፤ አሲድ የሌለበት ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ፕላስተር ይበጃል። አሁን የተጣመመውን ደግሞ ጀርባውን በጥቂቱ አርጥበሽ፣ በሁለት ንጹህ ወረቀቶች መሃል አድርገሽ፣ ከባድ መጻሕፍት ጭነሽበት አሳድሪው።