«የሚያሳርፈኝ መድኃኒት የለህም?»

ለምትመረቁ ፋርማሲስት ልጆቼ፤

ጅማ ላይ መድኃኒት ማደል ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አለፈ። በዚያች መስኮት በኩል ያልተጠየቅኩት ነገር የለም። አንዱን ጥያቄ ግን እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርምና ልጻፍላችሁ።

ሰቃ አካባቢ የሚኖሩ የቡና ገበሬ ነበሩ። የፕሮስቴት ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ልጃቸው የሞርፊን፣ የኃይለኛ ሥቃይ ማስታገሻ፣ ሽሮፕ ማዘዣ ይዛ መጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ጠርሙሱን ሰጠኋትና «በየአራት ሰዓቱ» ብዬ ሸኘኋት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ሰፈር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ጎራ አልኩ። ጠርሙሱ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ብዙም አልጎደለም። «ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላል ሲሉኝ ፈራሁ። ሲጮሁ ብቻ ነው የምሰጣቸው» አለችኝ። አባትየው እጄን ያዙ። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንዴ የሚያሳርፈኝ መድኃኒት የለህም?» አሉኝ።

ሞትን መለመናቸው ነበር። ይህን ጥያቄ በሕግ የመለሱ አገሮች አሉ። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. ሕጉ ጸደቀ፤ በሰኔ 2019 ሥራ ላይ ዋለ። በማይድን በሽታ ሊሞት የተቃረበ አዋቂ ሰው፣ ራሱ ከጠየቀና ሁለት ሐኪሞች ካረጋገጡለት፣ ሕይወቱን የሚያበቃበት መድኃኒት ሊፈቀድለት ይችላል። እኔን የያዘኝ የፋርማሲስቶቹ ሥራ ነው። መድኃኒቱ በየፋርማሲው አይሸጥም። ሜልቦርን ያለ አንድ የሕዝብ ሆስፒታል የፋርማሲ ቡድን ለግዛቱ ሁሉ ያድላል። ገጠር ድረስ፣ በሽተኛው ቤት ይሄዳሉ። ቁጭ ብለው ያስረዳሉ፣ የቤተሰቡን ጥያቄ ይሰማሉ። መድኃኒቱ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጣል። ሳይወሰድ የቀረውን የሚመልስ ሰውም አስቀድሞ በስሙ ይታወቃል። ከተረከቡት ውስጥ ሳይወስዱት የሚሞቱም አሉ።

የእኛ የወንጀል ሕግ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳትን ይቀጣል። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት አይፈቅድም። እኔም ይፈቀድ ብዬ አይደለም የምጽፍላችሁ። ግን ለመጨረሻው መድኃኒት ይህን ያህል የሚለፋ ፋርማሲስት ካለ፣ ለሥቃይ ማስታገሻ እኔ በመስኮት በኩል ሁለት ቃል ወርውሬ መሸኘቴ ያሳፍረኛል። እኚያ አባት ሞትን እስኪለምኑ የደረሱበት ሥቃይ መድኃኒት ነበረው። ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

ያን ቀን ሐኪማቸው ጋ ደውዬ መጠኑን አጣራሁ። ቀጭን ፕላስተር ቀድጄ ሽሮፑ የሚለካበት ሲሪንጅ ላይ፣ ልክ መሙላት ያለባት መስመር ላይ ጠቀለልኩ። ልጅቷ በሶላት ሰዓት ልስጣቸው አለችኝ። አይሆንም፤ ሱብሂና ዙህር ይራራቃሉ፣ መግሪብና ኢሻ ደግሞ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩላት፦ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ 4 ሰዓት ላይ እጥፍ፣ ሌሊቱን እንዲተኙ። የሆድ ድርቀቱን መድኃኒትም አብሮ፤ ይህን እንዳትረሱ፣ ብዙ ሰው ሞርፊኑን የሚያቆመው በእሱ ተማርሮ ነው። ስለ ሱሱም ነገርኳት። በሐኪም መጠን፣ ለካንሰር ሥቃይ የሚወሰድ ሞርፊን ሱሰኛ ያደርጋል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ በትክክል ሲወሰድም ሞትን አያፋጥንም።

በሳምንቱ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው።

አንድ ጊዜ ግን ደግመው ጠየቁኝ። በዚያን ቀን ሥቃይ አልነበረባቸውም። ልጃቸው ገላቸውን አጥባ መውጣቷ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የጠየቁኝ። ለዚህ ሽሮፕ የለኝም። «አይዞዎት፣ እንዲህ አይበሉ» ብዬ አፋቸውን ልዘጋ ነበር፤ ተውኩት። ምን እንደከበዳቸው ጠየቅኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ አወሩ። እናንተም ስትጠየቁ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ አትሽሹ። ሥቃይ ነው? ፍርሃት ነው? ለልጅ ሸክም መሆን ነው? ጠይቁ። ለሐኪሙም ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት። በሰውየው ቋንቋም አውሩ፤ ኦሮምኛ የማትችሉ ጅማ ስትመደቡ ተማሩ።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ መጣች። የተረፈውን አምጪ ብያት ነበር። ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛዋለች። ለክቼ መዝገብ ላይ አሰፈርኩና ቆለፍኩበት። ሲሪንጁም አብሮ ነበር፤ ፕላስተሩ ከብዙ መታጠብ ጠርዙ ተነስቷል፣ ከመስመሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።