ይሉኝታችሁን ቦሌ ትታችሁ ሂዱ

ልጆች፣ ጣሊያን ውስጥ ለልውውጥ ትምህርት የደረሳችሁ ከተማ ሮማ ወይም ሚላኖ ባለመሆኑ ቅር አይበላችሁ። ኡርቢኖን እንውሰድ። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ በግንብ የታጠረች፣ 14 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1506 የተመሠረተ ነው። ባቡር አይደርስባትም። ፔሳሮ በምትባል ከተማ ከባቡር ወርዳችሁ በአውቶቡስ ሽቅብ ትወጣላችሁ። እሁድ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ፣ እሁድ ማታ የሚያደርሳችሁ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። ከግቢ ውጭ እንግሊዝኛ ብዙ አያራምድም፤ ይህም በጎ ነው፣ በግድ አፋችሁን ያስፈታችኋል።

የእኛን ልጆች ከቋንቋው ይበልጥ የሚጎዳቸው ይሉኝታ ነው። እዚያ ያልጠየቀ ሰው እንደገባው ይቆጠራል።

ከ3 ወር በላይ የምትቆዩ ከሆነ፣ በገባችሁ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ «ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ» ለሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። ነገሩ የሚጀመረው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ፖስታ ቤት ነው። «ስፖርቴሎ አሚኮ» የሚባል መስኮት ያለው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ «ኪት» በሉ፤ የማመልከቻ ቅጾቹን የያዘ ፖስታ በነጻ ይሰጧችኋል። ከዚያ ትልቅ «ቲ» ፊደል የተሰቀለበት የትምባሆ ሱቅ ጎራ ብላችሁ የ16 ዩሮ «ማርካ ዳ ቦሎ» የሚባል የቀረጥ ቴምብር ግዙ። ቃሉ እንግዳ አይሁንባችሁ፤ መኪና መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ነው። እስከ አንድ ዓመት ለሚቆይ ተማሪ ለፈቃድ ካርዱ 70 ዩሮ ከ46 ሳንቲም፣ ለፖስታ ቤቱ አገልግሎት 30 ዩሮ ይከፈላል። ከቦሎው ጋር ሲደመር 116 ዩሮ ከ46 ሳንቲም ነው፤ ሒሳቡ ሊቀየር ስለሚችል መስኮቱ ላይ አረጋግጡ። የፓስፖርቱን፣ የቅበላ ደብዳቤውንና የኢንሹራንሱን ኮፒ ከታችሁ ፖስታውን ሳታሽጉ ስጡ፤ ሠራተኛዋ ውስጡን ማየት አለባት። ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። አሻራ የምትሰጡበት ቀጠሮ አለ፣ 4 ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ። ካርዱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ቪዛችሁ ካለፈ ፍራንክፈርት ያለችው አክስታችሁ ብትጣራም አትሂዱ፤ ደረሰኙ ድንበር አያሻግርም።

ስለ ሕክምና ባጭሩ፦ በመንግሥት ጤና አገልግሎት በፈቃደኝነት ለመመዝገብ ተማሪ ከ2024 ወዲህ በዓመት 700 ዩሮ ይከፍላል። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ፣ በሴፕቴምበር የገባ ሰው ሙሉውን ከፍሎ አራት ወር ይጠቀማል። ለአንድ ሴሚስተር የግል ኢንሹራንስ ይሻላል።

ቤት ስትከራዩ ውሉ የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። በሕግ በ30 ቀን ውስጥ ግብር ቢሮ መመዝገብ አለበት። አከራይዋ ደግ እናት ናቸው፣ ቡና አቅርበውልኛል፣ እንዴት ወረቀት ልበላቸው አትበሉ። ያልተመዘገበ ውል ይዛችሁ ስትወጡ መያዣውን ማስመለስ ፈተና ነው። ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር መታሰቡንም ጠይቁ፤ ዝም ያለ ተማሪ በጃንዋሪ የጋዙ ቢል ሲመጣለት ኪራዩን በምን እንደሚከፍል ይጨንቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፈተናው። አብዛኛው በቃል ነው። ከ30 ይታረማል፣ ማለፊያው 18 ነው። የፈተናው ቀን «አፔሎ» ይባላል፤ ከቀናት በፊት በኢንተርኔት ያልተመዘገበ አይፈተንም። ፈተናው በሕዝብ ፊት ነውና ከእናንተ በፊት የሚፈተኑትን ከኋላ ተቀምጣችሁ አድምጡ፣ ጥያቄዎቹን ጻፉ። ብዙ መምህራን መጀመሪያ «የወደድከውን ርዕስ ንገረኝ» ስለሚሉ፣ አንድ ርዕስ ለአምስት ደቂቃ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተለማመዱ። አገር ቤት መምህር ፊት ዓይን ሰበር አድርጎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን አለማወቅ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንላት ነገርም አትገባቸውም፤ የደነገጣችሁ ይመስላቸዋል። «ሲ» በሉ። መምህሩን «ሌይ» በሉት፣ የእነሱ እርስዎ ነው፤ አንቱታ ለእኛ አዲስ አይደለም።

የምትወስዱት ኮርስ ቢሰረዝ ወይም በእንግሊዝኛ ነው የተባለው በጣሊያንኛ ሆኖ ብታገኙት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትወስዷቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበትን የትምህርት ስምምነት አስቀይሩ። የአገር ቤቱም የዚያም ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበት፤ «ችግር የለም» የሚል የስልክ ቃል ስትመለሱ ውጤት አያስቆጥርም።

በፈተና የተሰጣችሁን ነጥብ ካልወደዳችሁ አልቀበልም ብላችሁ በሚቀጥለው አፔሎ መመለስ ትችላላችሁ፣ መምህሩም አይቀየምም። ግን ቀኑን ከመመለሻ ትኬታችሁ ጋር አስተያዩ፤ ከበረራው በኋላ ከዋለ 21 ይበቃል፣ አመስግናችሁ ውጡ።