የትኛው 2012? የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

ነገሩን የጀመረው የሆጤ ልጅ ነው። እኛ ግሩፕ ላይ ሰው የሚጠራው በሰፈሩ ነው። ግሩፓችን ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። «አሜሪካ የገዛ ዜጋዋን በሽብር ጠርጥራ፣ ያለ ክስ ወታደር ቤት ማቆየት የምትችልበት ሕግ አላት» ይላል። ወዲያው ጭቅጭቅ ሆነ። ጋሼ «ጠይቁ፣ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ» አሉ። ጋሼ ሰላሳ ዓመት ደሴ ላይ ጥብቅና የቆሙ ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው ሥራቸው ቡና መጠጣትና እኛን መገሰጽ ነው።

ጋሼ፦ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንድ፣ የታሰረ ሰው ስም እዚህ አይጻፍ። ሁለት፣ ዓመት ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩ።

የሆጤው፦ ጋሼ፣ የ2012ቱ ሕግ ወታደር ዜጋን ያለ ፍርድ ቤት እንዲያስር ይፈቅዳል?

ጋሼ፦ የትኛው 2012? አሁን ምን አልኩ! እኛ በ2012 የወጣ የሽብር አዋጅ አለን፣ ቁጥር 1176። እነሱ ደግሞ የ2012 በጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ አላቸው። ኦባማ የፈረሙት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2011 ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ቪዲዮህ የሚያወራው ስለ እነሱ ነው፣ ስለ ክፍል 1021። አልቃይዳንና ታሊባንን፣ ከእነሱ ጋር የወገኑትንም፣ ጦርነቱ እስኪያበቃ ያለ ክስ ማቆየት ይቻላል ይላል። ይሄ ጦርነት መቼ ነው የሚያበቃው? ማን ከማን ጋር ታርቆ? እሱን አይነግርህም። ስለ ዜጋ ሲመጣ ደግሞ «ስለ ዜጎች፣ ስለ ሕጋዊ ነዋሪዎችና አገር ውስጥ ስለሚያዙ ሰዎች ያለውን ሕግ አልነካም» ብሎ አለፈ። ያለው ሕግ ራሱ የጠራ አልነበረም። በምክር ቤቱ መስማማት ሲያቅታቸው አድበስብሰው ተዉት።

የሳላይሿ፦ ጋሼ፣ እኔ ዲቪ ደርሶኛል። ይሄን ሳይ ፈራሁ። ልቅር?

ጋሼ፦ አትቅሪ። ቀጣይ።

የሸዋ በሯ፦ በዚህ መንገድ የታሰረ ዜጋ በእርግጥ አለ ወይስ ወሬ ነው?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ሁለት ሰው ልንገርሽ። አንዱ ያሲር ሃምዲ ነው። ሉዊዚያና ተወልዶ ሳዑዲ ያደገ። እ.ኤ.አ. በ2001 አፍጋኒስታን ውስጥ ተያዘ። መጀመሪያ ጓንታናሞ፣ ኩባ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ጦር እስር ቤት፣ ወሰዱት። ዜጋ መሆኑ ሲታወቅ እዚያው አሜሪካ ወዳለ የባሕር ኃይል እስር ቤት አዛወሩት። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እንኳ ክስ የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ከጦር ሜዳ የተያዘን ዜጋ ማቆየት ይቻላል አለ፤ ግን ገለልተኛ ሰው ፊት ቀርቦ «ተዋጊ አይደለሁም» ብሎ የሚከራከርበት ዕድል ይሰጠው። ዳኛ ኦኮነር ጦርነት ለፕሬዚዳንቱ የሚሰጥ ባዶ ቼክ አይደለም ብለው ጻፉ።

እኔ ግን የምወደው የዳኛ ስካሊያን የልዩነት ሐሳብ ነው። ወግ አጥባቂ የሚባሉት ስካሊያ! ዜጋ ከሆነ ወይ ክሰሱት፣ ወይ ምክር ቤቱ አካልን ነፃ የማውጣት መብትን (ታሳሪ «ለምን ታሰርኩ?» ብሎ ዳኛ የሚጠይቅበትን) በይፋ ያግድ፣ ሌላ መንገድ የለም አሉ። ማድበስበስ የለም። ሃምዲ መጨረሻ ላይ ሳይከሰስ ዜግነቱን ትቶ ወደ ሳዑዲ ተላከ።

ሁለተኛው ሆዜ ፓዲላ ነው። ይሄኛው የተያዘው ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ወታደር ቤት ቆየ። በኋላ መንግሥት ራሱ አውጥቶ መደበኛ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥፋተኛ ተባለ። ልብ በሉ፣ መደበኛው ፍርድ ቤት ሥራውን ሠርቷል። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት ለምን አስፈለገ?

የአራዳው፦ ጓንታናሞ አሁንም አለ እንዴ?

ጋሼ፦ ከተከፈተ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ። ወደ 780 ሰው ገብቶበታል። አሁን የቀሩት ጥቂት ናቸው። ቀጣይ።

የሮቢቱ፦ ጋሼ፣ ስለ ሰብዓዊ መብት ሰፋ አድርገው ቢያብራሩልን?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው።

የኮምቦልቻው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አልስማማም። በኛ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደጃችን ሲደርስ ፋብሪካ ሲዘረፍ አይተናል። ያኔ ዳኛውም እንደኛው ነፍሱን ይዞ ሮጧል። የተጠረጠረ ሰው በየትኛው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው? መጀመሪያ አገር ይኑር።

የቧንቧ ውሃው፦ ወንድሜ፣ አጎቴን በዚያ ሰሞን በጥቆማ ያዙት። ሁለት ወር የት እንዳለ አላወቅንም። ጠቋሚው በአጥር ወሰን የተጣላው ጎረቤቱ ነበር።

የኮምቦልቻው፦ ክፉ ጎረቤት ስላለ ሰርጎ ገብ የለም ልትለኝ ነው? እናንተ ደሴዎች ሐረጎ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ማየት ትወዳላችሁ።

የሆጤው፦ ኮምቦልቻም ኤርፖርት ስላለው ነው እንዲህ የሚሆነው።

የኮምቦልቻው፦ አዎ አለን! በብርዳችሁ ቅሩ!

ጋሼ፦ የኤርፖርት ወሬ ያለው ይውጣ። የአጎትህ ስም ደግሞ እዚህ እንዳይጻፍ፣ በስልክ ደውልልኝ። አንተ ኮምቦልቻ፣ ያልከው እውነት አለው። በጦርነት ጊዜ ሰው አይታሰር አላልኩም። ያሰረ ሰው ግን «ለምን አሰርከው?» የሚለው ይኑር ነው የምለው። ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም። አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ይሉ ነበር። ጠመንጃ ያነገተው ሳይቀር። ቁራኛ የሚባለውንስ ሰምታችኋል? ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይታሰሩና ዳኛ ዘንድ አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ በሰንሰለት። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ከሳሹም አብሮ ስለታሰረ ዳኛው ቶሎ እንዲገኝ እሱም ይቸኩላል። አሁን አሳሪው ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ቀን የሚቆጥረው ታሳሪው ብቻ ነው። በቁራኛ ዘመን የዚያ የጎረቤት ጥቆማ ሁለት ቀን አይቆይም ነበር። ጠቋሚው ራሱ «ፍቱኝ» ይላል!

የሸዋ በሯ፦ የኛስ ሕግ ስንት ጊዜ ይፈቅዳል?

ጋሼ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ 48 ሰዓት። የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ከዚያ ጊዜ ቀጠሮ ነው፣ ፖሊስ ለምርመራ ከፍርድ ቤት የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ፤ በመደበኛው ሥነ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። የቀድሞው የሽብር አዋጅ፣ ቁጥር 652/2001፣ 28 ቀን እያለ እስከ አራት ወር ያስኬድ ነበር። 2001 ያልኩት የኛ ነው!

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ደግሞ አንቀጽ 93 አለ። በምንም ሁኔታ አይነኩም የተባሉት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑሶች ናቸው። የአገሪቱ ስም አይነካም፣ ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልክል ነው፣ እኩልነት አለ። አንቀጽ 19 ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዞ አዋጁ እስኪያበቃ ማቆየትን የፈቀደው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው። የአሜሪካኑን ቪዲዮ አይታችሁ ስትደነቁ ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷል። መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ የታሰሩትን ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ወር ማለት 30 ቀን ነው። ይሄን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ጓንታናሞ ነው።

የካራ ጉቱው፦ ሰላም ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ያ የ2012 ሕግ ወታደር...

ጋሼ፦ ወደ ላይ አንብብ።

የአራዳው፦ ጋሼ፣ የመሬት ውርስ ጥያቄ ነበረኝ።

ጋሼ፦ ዛሬ አይደለም።

የቧንቧ ውሃው፦ የመጨረሻ። ሰውየው ተይዞ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ አቤቱታውን ማን ነው የሚያቀርበው? እሱ እኮ ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ይናገራል። ታሳሪው ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ያቀርባል፣ ቃለ መሐላ አያይዞ። እናቱ ትችላለች፣ አንተም ትችላለህ። ፍርድ ቤቱ የያዘውን አካል ጠርቶ ምክንያቱን ይጠይቃል። ስትጽፈው «መልካም ሰው ነው፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» እያልክ አታስረዝም። መቼ ተያዘ፣ ማን ያዘው፣ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ሆነው። አራት መስመር ይበቃል። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ እዚያ አይነሳም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ጠበቃም ሳይቀር።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ ዳኛው ከሸሸስ?

ጋሼ፦ ሲመለስ ይጠይቃል። መዝገብ ካለ ይጠይቃል። በሉ፣ መብራት ሄዷል፤ ስልኬም ሊዘጋ ነው።