የተቃጠለው ተራራ አንዱ ጎን ለምልሞ ሌላው ለምን ራቁቱን ቀረ?

ጥያቄ፦ ከብት የምናሰማራበትን ተራራ ባለፈው ዓመት ሰደድ እሳት በላው። ዝናቡ ሲያልፍ ጥላ የሚበዛበት ጎን ለመለመ፤ ፀሐይ የሚመታው ጎን ግን ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ። አፈሩ ሞቷል ማለት ነው? አርሼ ዘር ልበትንበት?

መልስ፦ እባክዎ፣ በማረሻ እንዳይነኩት። አፈሩ አልሞተም፤ ልዩነቱን ያመጣው የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

ፀሐይ የሚመታው ተዳፋት ከእሳቱም በፊት ደረቅ ነበር። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባሉ አገሮች ይህ ወደ ደቡብ የዞረው ጎን ነው፤ በስተደቡብ ባሉት ደግሞ ወደ ሰሜን የዞረው። እሳት አቀበት ሲወጣ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር አስቀድሞ ያደርቅለታል፤ ስለዚህ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። የሚይዘው ሥር ስላልነበረ አመዱንና ዘሩን ጠርጎ ወደ ታች አወረደው። የአመዱ ፎስፈረስና ፖታሲየም አሁን ያለው ግርጌው ላይ ነው።

አንድ ነገር በእጅዎ ይሞክሩልኝ። አፈሩ በደረቀበት ቀን ከራቁቱ ጎን ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ያድርጉና ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ከ5 ሴኮንድ በላይ ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ከቆየ፣ ከተቃጠለው ዕፅዋት የወጣ ሰም መሰል ነገር አፈሩን ለብሶታል። ዝናቡ ሳይሰርግ የሚንሸራተተው በዚህ የተነሳ ነው። ማረሻ ይሰብረዋል ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ የላላ አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ይሄዳል። ሽፋኑ በጊዜ ብዛት ራሱ ይለቃል። እስከዚያ የተቃጠሉትን ቅርንጫፎች ተዳፋቱን አግድም አጋድሙ፣ ጭድም አልብሱት።

ቀጥሎ ጉቶዎቹን ጎንበስ ብለው ይዩ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ላይ ላዩ ቢከስልም ከመሬት ሥር ካለው ግንዱ ያቆጠቁጣል። አብዛኛው ጥድ ግን አያቆጠቁጥም፤ ዘር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በድንጋይ መካከልና በጉድባ ውስጥ ሳይቃጠሉ የተረፉትን ዛፎች አደራ የምልዎት ለዚህ ነው። የተራራው የዘር ጎተራ እነሱ ናቸው፤ ለማገዶ አይቆረጡ።

ከብቶቹን ከራቁቱ ጎን ያርቁ። ሣሩን ጨብጠው ሲስቡት ከነሥሩ የሚነቀል ከሆነ ገና ነው። እስኪጠነክር ከግርጌው እያጨዱ ያብሉ። ችግኝ የሚተክሉ ከሆነ ደግሞ ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ይበሉ፤ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወለሉ ላይ ስለሚተኛ ውርጭ ይበዛል።

ዘር መበተን የግድ ከሆነ፣ ከዚያው ፀሐያማ ጎን ካልተቃጠለ ጥግ የተለቀመ ይሁን። ከለምለሙ ጎን የሚያመጡት ጥላና እርጥበት የለመደ ስለሆነ ዝናቡ ትንሽ ሲቋረጥ ይደርቅብዎታል።