«ይህችን ፀሐይ አጥፋልኝ»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባለካሜራ ደውላ «ጋሼ፣ ሁለት መብራት አለኝ፤ ሦስተኛ ብገዛ ምስሌ ይስተካከላል?» አለችኝ። የአንድ ቃል መልስ የሚበቃው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝምባት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ልደውልላት አልቻልኩም፤ ይህን ለእርሷና ለእኩዮቿ እጽፋለሁ።

እኔም በእርሷ ዕድሜ ሦስት መብራት ነበረኝ። በ1986 ዓ.ም. ልጆቻቸው ዘምተው ስላልተመለሱ እናቶች ዘጋቢ ፊልም ለመቅረጽ አንኮበር አካባቢ ሄድን። ከእናቶቹ አንዷ መንኩሰዋል። ስንደርስ እማሆይ ደጃፋቸው ላይ፣ መደቡ ጫፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሰማዩ ደምኗል። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ግማሽ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ሌላው ግማሽ ከቤቱ ጨለማ ጋር ቀስ እያለ ይደባለቃል። እኛን ቀና ብለው ሳያዩ፣ እንዝርቱን እያሾሩ፣ ልጃቸው የሄደበትን ቀን ያወሩልን ጀመር። የቋጠሩለትን በሶ ረስቶት ወጥቶ፣ ስንቁን ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ በሩጫ ተከትለውታል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ…

እዚህ ላይ እጄን አነሳሁ። «እማሆይ፣ እስኪ ትንሽ ይቆዩኝ፤ መብራት ላዘጋጅ።»

ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ፈጀ። ጀነሬተሩን ከጓሮ አስነሳን። እማሆይን ከደጃፉ አንስቼ ከውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዱን መብራት ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ፣ ሦስተኛውን ቆባቸውን ከግድግዳው እንዲለይልኝ ከኋላ አደረግሁት። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው «ልጄ፣ ይህችን ፀሐይ አጥፋልኝ» አሉ። ሳቅን። አላጠፋሁም። ካሜራውን አስነስቼ ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው «ሄደ፤ አልመጣም» አሉና አበቃ። ስለ በሶውም ስለ ወንዙም ደጋግሜ ብጠይቅ «ምኑን ልንገርህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። እንዝርቱ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። ቴፑ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ግንባራቸው ላይ ያቸፈፈው ላብ ሳይቀር ይቆጠራል።

የሚያንገበግበኝ አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ስቶክሆልም ስማር፣ መምህራችን አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳይቶናል፤ ስዊድናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣውን። የስዊድንኛ ስሙ «ቆራቢዎቹ» እንደማለት ነው፤ ሌላው ዓለም «የክረምት ብርሃን» ይለዋል፣ ክረምቱ ግን እንደ እኛው የዝናብ አይደለም። እምነቱ የከዳው የገጠር ቄስ በአንድ እሑድ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሆነውን ያሳያል። ደብተሬ ላይ «ግራጫ። ምስል የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ የምወደው የዚያውን የበርግማንን ሌላ ፊልም፣ ጉናር ፊሸር የቀረጸውን «ሰባተኛው ማኅተም»ን ነበር፤ ጥቁሩ እንደ ጥላሸት፣ ነጩ እንደ ኖራ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም እወደዋለሁ።

የ«ቆራቢዎቹ» ባለካሜራ ስቬን ኒክቪስት ነው። ወላጆቹ ኮንጎ በሚስዮናዊነት ሲያገለግሉ እርሱ ስዊድን ከዘመድ ዘንድ ያደገ ልጅ ነበር። ከመቅረጻቸው በፊት እርሱና በርግማን በሰሜን ስዊድን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተቀምጠው ብርሃኑን ይመለከቱ ነበር። ደመና በሸፈነው የክረምት ቀን ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ፊልማቸውም ጥላ እንዳይኖረው ወሰኑ። ስቱዲዮ ውስጥ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያውን አስደፈኑት፤ ከላይም ከኋላም መብራት መስቀያ ቀዳዳ አልተረፈም። ኒክቪስት የቀረው መንገድ ብርሃኑን ከሌላ ነገር ላይ እያነጠረ ሰው ፊት ላይ ማሳረፍ ነበር። በፊልሙ ፀሐይ የምትወጣው በጭንቅ ሰዓት ነው፤ ሊያጽናናው ያልቻለው ዓሣ አጥማጅ ጥሎት ሲሄድ፣ ቄሱ እምነቱ እንደ ተሟጠጠ ሲገባው፣ መስኮቱ በብርሃን ይሞላል። እንዲህ ያለ ጭካኔ በሌላ ፊልም አላየሁም።

ፊልሙን እንደገና ያየሁት ከአንኮበር ጉዞዬ ሰባት ዓመት ቆይቼ ነው። ኢንግሪድ ቱሊን የምትጫወታት መምህርት ለቄሱ የጻፈችው ደብዳቤ አለ። ቄሱ ሊያነበው ሲጀምር ፊቷ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ እኛን እያየች በቃሏ ትናገረዋለች። ደቂቃ በደቂቃ ላይ ይደራረባል፤ አንዴ ብቻ ሌላ ትዕይንት ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ፊቷ። ከኋላዋ ባዶ ግድግዳ ነው። ስታፍር፣ ስትቆጣ፣ ስትለምን የሚለወጠው የፊቷ ጡንቻ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የእማሆይን እጅ ግንባራቸው ላይ አየሁት።

ተመልሼ መሄድ እችል ነበር። አንኮበር ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን አሰላሁና ተውኩት።

እንግዲህ «መብራት አትግዙ» ልላችሁ ነበር። ቤቴ ውስጥ ግን አሥራ አንድ መብራት ተደርድሯል፣ ሁሉም ይሠራሉ፤ ስለዚህ አፌን ልሰብስብ። እናንተ የዘንድሮ ልጆች ከእኛ የተሻለ ካሜራ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ ሰውን ግን ፊቱ እንደ ታጠበ ሳህን እስኪያበራ ታለሰልሱታላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ በርግማንን አይታችሁ አዲስ አበባን ግራጫ እንዳታደርጉብኝ። የእኛ የስድስት ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ዓይንን ጉድጓድ ታደርገዋለች፤ የስዊድን ደመና የለንም። በር፣ በረንዳና የዛፍ ጥላ ግን ሞልቶናል።

ልጅቷ ጋ ነገ እደውላለሁ። የምትቀርጸው ሰው ከመቀረጹ በፊት የት ተቀምጦ እንደነበር እጠይቃታለሁ።