ነፋሱን ሳታውቁ መሣሪያ አትግዙ

ይድረስ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአንኮበርና በተጉለት ፊዚክስና ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለምትማሩ ወጣቶች። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ?

የኒውክሌር ሙከራን በድምፅ ስለመከታተል ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የምታስቀድሙት «የትኛው ሴንሰር ይሻላል?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከጭራው የተያዘ ነው። ወደፊት የሚሠራበትን የማዳመጫ ቴክኖሎጂ ማቀድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ «ጆሮዬን የሚደፍነው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ነፋስ ነው። በእኛ ደጋ ደግሞ ነፋስ እንግዳ አይደለም።

መነሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኢንፍራሳውንድ የምንለው ከ20 ኸርዝ በታች የሆነ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ቀጭኑን ድምፅ አየር ቶሎ ይውጠዋል፤ ይህ ወፍራሙ ግን ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። በ1996 ለፊርማ የቀረበው ሁሉን አቀፍ የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት 321 ጣቢያዎችና 16 ላቦራቶሪዎች ያሉት የክትትል መረብ ደንግጓል። ከጣቢያዎቹ 60ው የኢንፍራሳውንድ ናቸው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1996 ፈርማለች፣ በ2006 አጽድቃለች። ለእኛ የሚቀርቡት የጅቡቲውና የኬንያው ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ ከደብረ ብርሃን በቀጥታ መስመር አንዱ 440፣ ሌላው 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በ2011 ኤርትራ ውስጥ ናብሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የጅቡቲው ጣቢያ መዝግቦታል። በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የሰማይ ድንጋይ አንታርክቲካ ያለው ጣቢያ ሳይቀር ሰምቶታል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ማይክሮባሮሜትር የሚባለው ሴንሰር የሚለካው የአየር ግፊትን ጥቃቅን ለውጥ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 72,000 ፓስካል አካባቢ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ፓስካል በታች ነው፤ አንዳንዴ ወደ መቶኛ ፓስካል ይወርዳል። መሣሪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ ሜትር ከፍ ብታደርጉት ግፊቱ በ9 ፓስካል ያህል ይቀንሳል። አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ብታነሡት 0.09 ፓስካል ይቀንሳል። እንግዲህ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከፍና ዝቅ ማለት ከሺህ ኪሎ ሜትር የመጣን ፍንዳታ ያህል ጎልቶ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ወለሉ ኮንክሪት ይሁን፤ ክዳኑ በነፋስ እየተነፋ የሚረግብ ስስ ቆርቆሮ አይሁን። ክዳን ሲንቀጠቀጥ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ እናንተም ክዳኑን እያዳመጣችሁ ዓለምን ያዳመጣችሁ ይመስላችኋል።

ነፋስ ራሱ ድምፅ አይደለም። መሬቱን እየታከከ የሚንከባለል የአየር አዙሪት ነው፤ በሴንሰሩ ላይ ሲያልፍ ግፊቱን ያዋዥቀዋል። ሴንሰሩ ይኼኛው ከነፋስ፣ ያኛው ከፍንዳታ ብሎ አይለይም። የሚለያቸው ስፋታቸው ነው። በ1 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ 340 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ የሚመጣ የ1 ኸርዝ አዙሪት ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አየሩን ከብዙ ቦታ በቱቦ ስባችሁ አንድ ላይ ብታገናኙት፣ ድምፁ በሁሉም አፍ እኩል ስለሚገባ እንዳለ ይቀራል። ነፋሱ ግን እዚህ ሲጨምር እዚያ ስለሚቀንስ ይጣፋል። መረቡ ውስጥ ያሉ ጣቢያዎች 18 ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ አደይ አበባ የተዘረጋ የቱቦ ሥራ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። 96 አፍ ቢኖረው የነፋሱ ሁከት በ96 ስኩዌር ሩት ያህል፣ ማለትም ወደ 10 እጥፍ ይቀንሳል።

ግን ወሰን አለው። በዚያው ነፋስ የ0.1 ኸርዝ አዙሪት 50 ሜትር ይሰፋል። 18 ሜትሩን አበባ በሙሉ ስለሚውጠው በሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ግፊት ይገባል፤ ቱቦው ምንም አይረዳም። ነፋሱን በአበባው ስፋት አካፍሉት፤ 5 ለ18 ወደ 0.3 ኸርዝ ይሰጣችኋል። ከዚያ በታች የቱቦው ጥቅም እየሳሳ ይሄዳል። የአንድ ኪሎቶን ፍንዳታ ሞገድ ደግሞ አንዱ ዙር 5 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 0.2 ኸርዝ ነው። እኛ ይበልጥ የምንፈልገው ድምፅ የሚገኘው ልክ ቱቦው መድከም በሚጀምርበት ቦታ ነው። የወደፊቱ ቴክኖሎጂ ዋና እንቆቅልሽ ይህ ነው፤ ከእናንተ አንዳችሁ ዕድሜውን ቢሰጠው አይቆጨውም።

ሌላም አለ። የውቅያኖስ ሞገዶች እርስ በርሳቸው ሲላተሙ ቀን ከሌት የማይቆም ድምፅ ያወጣሉ፤ ማይክሮባሮም ይባላል። በድምፁ የድግግሞሽ ሥዕል (ስፔክትረም) ላይ ጉብታው እዚያው 0.2 ኸርዝ አካባቢ ነው። እንደ ጠላት ብቻ አትዩት። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሁሉም ሴንሰሮቻችሁ ይህን ጉብታ በእኩል ቁመት ካሳዩ ጤነኞች ናቸው። አንዱ ዝቅ ካለ ቱቦው ተዘግቷል ወይም አየር ያስወጣል። ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ የየሌሊት ምርመራ ነው።

ቦታ ስትመርጡ የጣርማ በርና የአንኮበር ገደል አፋፍ ያታልላችኋል። ኢንፍራሳውንድ እንደ ስልክ ማማ እይታ አይፈልግም፤ ሞገዱ ኮረብታውን ዞሮ ይመጣል። አፋፍ ላይ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ ጠርዙን ሲመታ ይፈራርሳል፤ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። ወደ ውስጥ ግቡ። ወፍ ዋሻን የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነፋሱን በደንብ ይሰብራል፤ የጓሳ ሣርም መሬት አጠገብ ያለውን ነፋስ ያበርደዋል። ሁለቱም ጥብቅ ስፍራዎች ናቸውና አንድ ቱቦ ሳትዘረጉ የሚጠብቋቸውን ሰዎች አስፈቅዱ። የቀበሌውን አስተዳደርና የአካባቢውን ሽማግሌዎችም አነጋግሩ፤ ሜዳ ላይ የተቀበረ ሳጥንና ሽቦ ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ለመለማመጃ ውድ የብረት ቱቦ አያስፈልግም። ለጓሮ አትክልት የሚሸጠው ውሃ የሚያላብ ጎማ አየርንም ያስገባል። አራት ክንድ፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር፣ መሐል ላይ በአንድ መገናኛ ከሴንሰሩ ጋር ይያዝ፤ የክንዶቹ ርዝመት እኩል ይሁን፣ ጫፋቸው ይደፈን። ጎማው ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፤ በሣር ወይም በጠጠር ሸፍኑት። ጎድጎድ ባለበት ውሃ ያቁራል፣ ያ ክንድ ሞተ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያቺው ውሃ በረዶ ሆና መገናኛውን ትሰነጥቀዋለች። አይጥ ጎማውን ይበላል፣ ጓሳ ላይ ደግሞ ጭላዳ ሣር ሲምስ ሊነቅለው ይችላል። አየር ማሳለፍ የሌለባቸውን ቧንቧዎችና መገናኛዎች ለመፈተሽ ጎሚስታ የካላማዳሪያ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚያደርገውን አድርጉ፦ አፉን ዝጉ፣ በቀስታ ንፉ፣ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ የሚነፋ አረፋ ካለ እዚያ ነው።

አንድ ሴንሰር አቅጣጫ አይነግርም። ቢያንስ አራት ይኑራችሁ፤ ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ጫፎች፣ አንዱ መሐል። የስምምነቱ ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ከ0.02 እስከ 4 ኸርዝ ያዳምጣሉ። እናንተ በ100 ሜትር ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ የ1 ኸርዝ ሞገድ ለመያዝ ይበቃል። ከሞገዱ ግማሽ በላይ ካራራቃችኋቸው ግን አንዱ ዙር ከሌላው ይምታታና የውሸት አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል።

ሰዓቱን አጥብቃችሁ ያዙ። ሞገዱ 1 ኪሎ ሜትርን በ3 ሰከንድ ገደማ ያቋርጣል። በሰከንድ 20 ጊዜ የምትመዘግቡ ከሆነ አንዷ ንባብ 0.05 ሰከንድ ናት፤ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በዚህች ያህል ብትሳሳቱ አቅጣጫው አንድ ዲግሪ ይዞራል። አንድ ዲግሪ በሺህ ኪሎ ሜትር ላይ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱ 100 ሜትር ብቻ ከሆነ ደግሞ ያቺው ስሕተት አሥር ዲግሪ ትሆናለች። ለዚህ ነው ከስምምነቱ ጣቢያዎች የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ትክክለኛነት የሚጠበቀው። እያንዳንዱ መመዝገቢያ የራሱ ጂፒኤስ ይኑረው፤ የላፕቶፕ ሰዓት አትመኑ።

ኃይሉን አስሉ። ሴንሰሩ፣ መመዝገቢያውና ጂፒኤሱ ተደምረው 3 ዋት ቢበሉ በቀን 72 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት 6 አምፔር ሰዓት ነው። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ለአምስት ቀን ብትጠፋ 30 ትፈልጋላችሁ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና 60፤ ብርዱ ደግሞ አቅሙን ስለሚቀንስ 100 ግዙ። ፓኔሉ 80 ዋት ይሁን።

ከዚያ ሰማዩን ተማሩ። ድምፅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሞቃት አየርና ነፋስ ታጥፎ ይመለሳል። በመካከል ጸጥ ያለ ቀለበት ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች እስከ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ከደብረ ብርሃን በቀጥታ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የሚሆነውን ሳትሰሙ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ሊሰማው ይችላል። «አልሰማሁም» ማለት «አልሆነም» ማለት አይደለም፤ ሪፖርታችሁ ላይ ይህን ለይታችሁ ጻፉ። የላይኛው ነፋስ በየወቅቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ በእኛ ኬክሮስ ደግሞ መገለባበጡ ከሰሜን አገሮች ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ከምድር ወገብ አካባቢ የተጻፈ የረጅም ጊዜ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ስለዚህ ነው።

ስለሚመጡት ቴክኖሎጂዎች የምታነቡትን በዚህ ሚዛን መዝኑት። ርካሽ ሴንሰሮች በብዛት መዘርጋት ይቻላል፤ የራሳቸው የውስጥ ሁከት ግን ከፈለጋችሁት ሞገድ በላይ እንዳይሆን ሁለቱን ከአንድ ቱቦ ጋር አያይዛችሁ አወዳድሩ። ግፊቱን በርዝመቱ ሁሉ የሚደምር ኦፕቲካል ፋይበር እኔ ይበልጥ ተስፋ የምጥልበት ነው፤ ከቱቦ ይልቅ መቶ ሜትሮችን መዘርጋት ስለሚችል የ50 ሜትሩን አዙሪት ይደርስበታል። ፊኛ ላይ የሚጫን ሴንሰር ከነፋሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነፋስ አይመታውም፤ አንድ ቦታ ላይ ማቆም ግን አይቻልም። ራሱን በራሱ የሚፈትሽ ሴንሰር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቅም ነው፤ ሩቅ ጣቢያ ላይ ሰው ሳይላክ ስሕተት ይታወቃል። ለማሽን ትምህርት፣ ማለትም ኮምፒዩተር ድምፆችን እንዲለይ ለማሠልጠን፣ ደግሞ ስሙ የታወቀ ድምፅ መመገብ አለበት። ለሚ አካባቢ ለሲሚንቶ ድንጋይ የሚፈነዳበትን የካባ ቀንና ሰዓት ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ነጎድጓዱንም፣ የጣርማ በርን ከባድ መኪናም እንዲሁ። ከመሬት በታች የሚደረግ ሙከራን በዋናነት የሚይዘው የመሬት ንዝረት መለኪያ ነው፤ ኢንፍራሳውንዱ መሬቱ ወደ ላይ ሲገፋ የሚወጣውን ይጨምርበታል።

እንግዲህ በዚህ ጥቅምት የነፋስ መለኪያ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ትከሉት፤ አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን ባሕር ዛፍ ውስጥ። በየአሥር ደቂቃው አማካዩን እስከሚቀጥለው መስከረም መዝግቡ። ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በታች የሆነባቸውን ሰዓቶች በየወሩ ቁጠሩና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ሴንሰር ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት ያንን ገጽ ይሁን።