ኮንቴይነሩ ከመሞላቱ በፊት

የትውልድ አካባቢያችን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሊከፍት ነው ሲባል መጀመሪያ የሚሞቀው የእኛ ውጭ አገር የምንኖረው ሰዎች የዋትስአፕ ግሩፕ ነው። በማግስቱ መዋጮ፣ በወሩ ኮንቴይነር። እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ነው የምናገረው።

አንድ ጊዜ ከቨርጂኒያ ያገለገለ አልትራሳውንድ ልከን ነበር። በዓመቱ ስሄድ መጋዘን ውስጥ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ አገኘሁት። መጥረጊያ ተደግፎበታል።

«110 ቮልት ስለሆነ ነው?» አልኩት የባዮሜዲካል ቴክኒሻኑን።

«ትራንስፎርመርስ እንፈልግለት ነበር ጋሼ። ፕሮቡ የታለ?»

ፕሮቡ፣ ሰውነት ላይ የሚደረገው የማሽኑ ክፍል፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ለብቻው በካርቶን አሽገን መጫኑን ረስተነው!

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ለዲኑ ብቻ ሳይሆን ለቴክኒሻኑም ደውሉ። ማን ይጠግነዋል? ሪኤጀንቱ (የላቦራቶሪ ማሽን የሚሠራበት ኬሚካል) ከየት ይገዛል? የቀረጥ ነፃውን ጉዳይም ዩኒቨርሲቲው ዕቃው ሳይጫን ይጀምረው። ጭነቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ ማሳደድ ራስ ምታት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዲስ ትምህርት ቤትን ከማሽን በላይ የሚቸግረው መምህር ነው። በ2004 ዓ.ም. 13 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። ለዚያ ሁሉ ተማሪ የአናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር) እና የፓቶሎጂ (የበሽታ ጥናት) መምህር ከየት ይምጣ? የጎንደርን የጤና ኮሌጅ እዩ። ጎንደር አጠገብ ያለውን ደምቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) ነበር። ሐኪም ማስተማር የጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያውም የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከምሥራቅ ጀርመን እየመጡ።

እኛ ውጭ ያለን ሐኪሞችስ? ለሠርግ እንመጣና አንድ ከሰዓት ሌክቸር ሰጥተን፣ ፎቶ ተነስተን እንሄዳለን። ልጆቹ ገና የክንድ ነርቭ እያጠኑ፣ እኛ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ!

ይልቅ የዓመቱን ፕሮግራም አስልኩና አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንዱን የትምህርት ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ያዙ። ፈተናውን አውጡ፣ አርሙም። ከሥራው የእረፍት ፈቃድ ያጣ ፓቶሎጂስት የማይክሮስኮፕ ስላይዱን በዙም ያሳይ፤ ኔት ይቋረጣልና ቅጂውን ይላክላቸው። በሽተኛ ማየት ካሰባችሁ ግን ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረቀታችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ፕሮቡን በሚቀጥለው ጉዞ ከሸሚዞቼ መሀል ጠቅልዬ ወሰድኩት። ቴክኒሻኑ ግን ሥራ ቀይሮ ሄዷል።